ስለ ጎልፍ ጨዋታና ስለ ፍቅር ብለው ስለሚጫወቱት ሰዎች

የሰው ጠባይ በሥራው ላይ ከሚታየው ይልቅ በጨዋታው ላይ ይገለጣል። በሥራ ቦታ አለቃ አለ፤ ደመወዝ አለ፤ የሰው ዐይንም አለ፤ ስለዚህ ቁጡ ሰው ቁጣውን፥ ሰነፍም ስንፍናውን ለጥቂት ሰዓት ሸሽጎ ለመዋል ይችላል። በጨዋታ ጊዜ ግን ልጓሙ ስለሚላላ በልብ ተሸሽጎ የኖረው ነገር ሁሉ ወደ አደባባይ ይወጣል። በኢትዮጵያ በልደት በዓል ጥንግ ለመምታት ሜዳ የሚወጡ ሰዎች ይህን ከጥንት ጀምሮ ያውቁታል፤ በዚያ ቀን ጌታ በሎሌው እንዳይቆጣ ልማድ የሠሩትም ጨዋታ የሰውን ጠባይ እንዴት እንደሚፈትን ስላወቁ ነው። ጠባይን እንዲህ በብርቱ ከሚፈትኑት ጨዋታዎች አንዱ ከስኮትላንድ አገር የወጣው ጎልፍ ነው።

ጎልፍ ከገና ጨዋታ ጋር የሚመሳሰልበትም የሚለይበትም ነገር አለው። በሁለቱም ጫፉ የቆለመመ በትርና ትንሽ ኳስ አለ። በገና ጨዋታ ግን ሁለት ወገን ሆነው አንዲቱን ጥንግ ይሻሙባታል፤ በጎልፍ እያንዳንዱ ሰው የራሱ ኳስ አለው፤ ባላጋራውም አይነካበትም። የሜዳው ሥርዓት ይህ ነው፤ በሰፊ መስክ ላይ 18 ጉድጓዶች እየተራራቁ ይቈፈራሉ፤ ተጫዋቹም ኳሱን ከየመነሻው እየመታ በተራ ወደ ጉድጓዶቹ ያገባል፤ በጥቂት ምት የጨረሰ ያሸንፋል። የጉድጓዱ አፍ ስፋት 108 ሚሊ ሜትር ነው፤ የኳሱ ስፋት ከ42.67 ሚሊ ሜትር እንዳያንስ፥ ክብደቱም ከ45.93 ግራም እንዳይበልጥ በሕግ ተወስኗል፤ ተጫዋቹም ከ14 የበለጠ በትር ይዞ ወደ ውድድር አይገባም። ኳሱ በሣሩ ላይ ተቀምጦ ይጠብቃል፤ የሚገፋ የለም፤ የሚነጥቅም የለም። እንግዲህ ምቱ የተበላሸበት ሰው የሚከስሰውን ከየት ያመጣል? ነፋሱን ይከስሳል፤ በትሩን ይከስሳል፤ በመጨረሻ ግን ነገሩ ዞሮ ወደ ራሱ ይመለሳል። የጎልፍ ምሬቱም ጣዕሙም ከዚህ ይጀምራል።

ይህ ጨዋታ የሰውን ልብ ምን ያህል እንደሚይዝ የስኮትላንድ መንግሥት ቀድሞ ዐውቆታል። በፈረንጆች አቈጣጠር (በዚህ ጽሕፈት የሚነገረው ዓመት ሁሉ በዚሁ አቈጣጠር ነው) በ1457 ዓ.ም. በንጉሡ በዳግማዊ ጄምስ ዘመን የአገሩ ሸንጎ ጎልፍና የእግር ኳስ ጨርሶ እንዲቀር ዐዋጅ አወጣ፤ ምክንያቱም ጐልማሶቹ ለአገር መከላከያ የሚያስፈልገውን የቀስት ልምምድ ትተው ከበትርና ከኳስ ጋር ይውሉ ስለ ነበረ ነው። ዐዋጁ በ1471 እና በ1491 ዓ.ም. እንደ ገና ታወጀ፤ አንዱን ነገር ሦስት ጊዜ መከልከልም ሰው እንዳልተወው ምስክር ነው። በ1502 ዓ.ም. ደግሞ ንጉሡ ራብዓዊ ጄምስ ራሱ በፐርዝ ከተማ ከሚኖር ቀስት ሠሪ የጎልፍ በትር አስገዛ፤ በቀስት ምክንያት የተከለከለው ጨዋታ በቀስት ሠሪው እጅ በኩል ወደ ቤተ መንግሥት ገባ ማለት ነው። የተጻፈ ሕግ ያገኘው ግን ብዙ ቈይቶ በ1744 ዓ.ም. ነው፤ በኤዲንብራ አጠገብ በሊዝ ሜዳ የሚጫወቱ ጨዋ ሰዎች 13 አንቀጽ ጻፉለት። የጉድጓዱ ቍጥር 18 መሆኑም የሴንት አንድሩስ ከተማ ሥራ ነው፤ በ1764 ዓ.ም. በዚያ ሜዳ የአንዱ ዙር ቍጥር ከ22 ወደ 18 ተቀነሰ፤ ሌሎቹም ሜዳዎች ኋላ እርሱን ተከተሉ።

ጎልፍን እንጀራቸው አድርገው የሚኖሩ ሰዎች አሉ፤ ስማቸው በየጋዜጣው የሚነገረው እነርሱ ናቸው። ከእነርሱ እጅግ የሚበዙት ግን አማተር የሚባሉት ናቸው። ቃሉ ከላቲን «መውደድ» ከሚለው ግስ የመጣ ስለ ሆነ አማተር ማለት ወዳድ ማለት ነው፤ ሰነፍ ተጫዋች ማለት አይደለም። ለዚህም በ1913 ዓ.ም. በአሜሪካ አገር በብሩክላይን የሆነው ነገር ማስረጃ ይሆናል። ፍራንሲስ ዊመት የሚባል የ20 ዓመት ጐልማሳ በዚያ ሜዳ ፊት ለፊት ያደገ፥ በልጅነቱም በዚያው የሌሎችን በትር ይሸከም የነበረ ልጅ ነው። በአገሩ ታላቅ ውድድር ገብቶ በዚያ ዘመን እጅግ ከታወቁት ከብሪታንያ ተጫዋቾች፥ ከሃሪ ቫርደንና ከቴድ ሬይ ጋር እኩል ወጣ። በማግሥቱ ሦስቱ ለብቻቸው ሲጫወቱ ዊመት በ72 ምት፥ ቫርደን በ77፥ ሬይ በ78 ጨረሱ። የዊመትን በትር የተሸከመለትም ኤዲ ላወሪ የሚባል የ10 ዓመት ሕፃን ነበረ።

ነገር ግን ከብዙ ሺህ ወዳዶች መካከል ዊመት የሚሆነው አንዱ ነው። የቀሩት ለማሸነፍ ሳይሆን ከትናንቱ አንድ ምት ለመቀነስ የሚታገሉ ናቸው፤ ትግሉም ቀላል አይደለም። ሙሉው አመታት፥ በትሩ ወደ ኋላ ተነሥቶ ኳሱን መትቶ እስኪያልፍ ድረስ፥ ሁለት ሴኮንድ እንኳ አይፈጅም። በአንድ ዙር 90 ጊዜ የሚመታ ሰው የምቱ ጊዜ ሁሉ ቢደመር ከ3 ደቂቃ አይበልጥም። ዙሩ ግን አራት ሰዓት ያህል ይወስዳል። የቀረው ጊዜ ሁሉ የመሄድና የማሰብ ጊዜ ነው፤ ሰውን የሚጥለውም ይኸው ማሰቡ ነው። አንዱን ምት ያበላሸ ሰው እስከሚቀጥለው ድረስ ሦስት መቶ እርምጃ ሲሄድ ንዴቱን እያመነዠከ ይሄዳል፤ ሲደርስም በንዴት ይመታል፤ ሁለተኛውም ይበላሻል።

ደግሞ ሌላ የሚያስገርም ነገር አለ። ኳሱን 250 ሜትር የሚወረውር ምትና ከጉድጓዱ አፍ አጠገብ አንድ ስንዝር የሚገፋ ምት በቍጥር አንድ ናቸው። ጕልበተኛው በመጀመሪያው ይመካል፤ በሁለተኛው ግን እጁ ይንቀጠቀጥና ስንዝሯን ይስታታል፤ ጕልበቱም በዚያ ምንም አይረዳውም። ይልቁንም ጀማሪውን ሁሉ የሚያሰናክለው ምቱን ሳይጨርስ ኳሱ የት እንደ ደረሰ ለማየት ቀና ማለቱ ነው። ፍሬውን ለማየት የቸኰለ ዐይን ሥራውን ያበላሻል። መምህሩም «በርትተህ ምታ» አይለውም፤ «ቀስ ብለህ ምታ» ነው የሚለው። በትሩን እንደሚያንቀው ሰው አጥብቆ የያዘው ሰው ኳሱን አያርቀውም፤ ክንዱ ስለሚደርቅ የበትሩ ፍጥነት ይቀንሳልና። ቀስ በቀስ እንቍላል በእግሩ ይሄዳል የተባለው በዚህ ሜዳ ላይ በየቀኑ ይፈጸማል።

የኳሱም ታሪክ ራሱ የሚያስተምረው አለ። በጥንት ዘመን ኳሱ ላባ የተጠቀጠቀበት ቆዳ ነበረ፤ ዋጋውም ውድ፥ ዝናብ ሲነካውም የሚበላሽ ነበረ። በ1848 ዓ.ም. ገደማ ጉታ ፐርቻ ከሚባል ከዛፍ ከሚገኝ ሙጫ የሚሠራ ርካሽ ኳስ መጣ። ይህ ኳስ አዲስ ሳለ ልስልስና ውብ ነበረ፤ ሲመታ ግን ቶሎ ይወድቅ ነበር። ተጫዋቾቹ በብዙ ምት የተቧጨረውና የተጐዳው አሮጌ ኳስ ከአዲሱ ይልቅ ቀጥ ብሎ ርቆ እንደሚሄድ ተመለከቱ፤ ከዚህ በኋላ ሠሪዎቹ አዲሱን ኳስ አስቀድመው በመዶሻ ያቈስሉት ጀመር። ዛሬ በኳሱ ገጽ ላይ የሚታዩት ትናንሽ ጐድጓዳ ነጥቦች የዚያ ቍስል ልጆች ናቸው። ምክንያቱም ሻካራው ገጽ አጠገቡ ያለውን ስስ አየር ስለሚያውከው አየሩ ከኳሱ ጀርባ ቶሎ አይላቀቅም፤ ስለዚህ ወደ ኋላ የሚጐትተው ኀይል ያንሳል። ወዳዱ ተጫዋች ይህን ባወቀ ጊዜ ስለ ራሱ ስሕተትም ጥቂት ይጽናናል።

ደስታውስ ወዴት ነው የሚል ቢኖር፥ መጀመሪያው በእግር መሄድ ነው። አንድ ዙር የጨረሰ ሰው ከ7 እስከ 10 ኪሎ ሜትር ሄዷል፤ ግን እንደ ሄደ አያውቀውም። የማለዳ ጤዛ፥ የወፍ ድምፅ፥ ከወዳጅ ጋር ያለ ጨዋታ ይህ ሁሉ ከምቱ ጋር ተደባልቆ ይመጣል። ሁለተኛው፥ ከመቶ ምት አንዷ በትክክል የተመታች እንደ ሆነ ነው፤ እጅን ሳያስደነግጥ ኳሱ ወደ ሰማይ ሲወጣ ተጫዋቹ የዘጠና ዘጠኙን ኀዘን ይረሳል፤ ለሚመጣውም ሳምንት ቀጠሮ ይይዛል። ሦስተኛው ሃንዲካፕ የሚባለው የማስተካከያ ሥርዓት ነው። ከ2020 ዓ.ም. ጀምሮ በዓለም አንድ ሆኖ በተሠራው ደንብ የአንዱ ሰው ችሎታ ከመጨረሻዎቹ 20 ዙሮች ከተሻሉት ከ8ቱ ይገመታል፤ ደካማውም እንደ ድካሙ መጠን ምት ይቀነስለታል፤ ከፍተኛው ቍጥር 54 ነው። በዚህ ምክንያት የ70 ዓመት ሽማግሌ ከልጅ ልጁ ጋር፥ አዲስ ተማሪም ከመምህሩ ጋር በእውነት ሊወዳደር ይችላል። በሌሎች ጨዋታዎች ብርቱው ለደካማው ቢያዝን ሆን ብሎ መሸነፍ አለበት፤ ይህም ሁለቱን ያሳፍራል። በጎልፍ ግን ሁለቱም የቻሉትን ያህል ይመታሉ፤ ማንም ለማንም አይታለልም።

ነገር ግን ይህ ሁሉ የቆመው በአንድ ምሰሶ ላይ ነው፤ እርሱም የተጫዋቹ እውነተኝነት ነው። በሳምንታዊው ጨዋታ በየሜዳው ዳኛ አይከተልም። ኳሱ ከቍጥቋጦ ኋላ ወድቆ ሳለ ብቻውን የቆመ ሰው በጫማው ጫፍ ትንሽ ገፋ ቢያደርገው ማን ያየዋል? ሕጉ ግን ኳሱ ከወደቀበት እንዲመታ ያዝዛል። ቍጥሩን ዝቅ አድርጎ ጽፎ የሚመካ አለ፤ ደግሞ ምት እንዲቀነስለት ችሎታውን አሳንሶ የሚያስመዘግብ አለ፤ ሁለቱም ሌባ ናቸው፤ የሚሰርቁት ግን የገዛ ደስታቸውን ነው። በሐሰት 85 ብሎ የጻፈ ሰው እውነተኛውን 85 ያገኘ ዕለት ሊደሰትበት አይችልምና።

በዚህ ነገር ምሳሌ የሚሆነው አሜሪካዊው ቦቢ ጆንስ ነው። በ1902 ዓ.ም. የተወለደው ይህ ሰው ኋላ ጠበቃ ሆነ፤ በውድድር ዘመኑ ሁሉ የገንዘብ ሽልማት ሳይቀበል በአማተርነት ኖረ። በወጣትነቱ ቁጡ ነበረ። በ1921 ዓ.ም. በሴንት አንድሩስ በታላቁ ውድድር ላይ ሳለ ምቱ ሁሉ ስለ ተበላሸበት በ11ኛው ጉድጓድ ኳሱን አንሥቶ ከውድድሩ ወጣ፤ ያን ጊዜ ዕድሜው 19 ነበረ። ከአራት ዓመት በኋላ በ1925 ዓ.ም. በዉስተር በተደረገው የአሜሪካ ውድድር በረዥም ሣር ውስጥ ለመምታት ሲዘጋጅ ኳሱ ጥቂት ተነቃነቀ። ከእርሱ በቀር ያየ አልነበረም። እርሱ ግን አንድ ምት በራሱ ላይ እንዲቈጠርበት አደረገ። በፍጻሜው ከዊሊ ማክፋርሌን ጋር እኩል ወጣ፤ እንደ ገና ተጫውተው እንደ ገና እኩል ወጡ፤ በሁለተኛው ግጥሚያ በአንድ ምት ብልጫ ተሸነፈ። ያቺ በራሱ ላይ ያስቈጠራት ምት ባትኖር ኖሮ ዋንጫው የእርሱ ይሆን ነበር። ሰዎች ስለዚህ ሲያመሰግኑት ምስጋናውን አልተቀበለም፤ ሳይሰርቅ የቀረ ሰው ስለ አልሰረቀ አይመሰገንም የሚል ነበረ አሳቡ። በ1930 ዓ.ም. የብሪታንያንና የአሜሪካን አራቱን ታላላቅ ውድድሮች በአንድ ዓመት አሸንፎ በ28 ዓመቱ ውድድርን ተወ። በ1958 ዓ.ም. ሕመም እግሩን አድክሞት ሳለ የሴንት አንድሩስ ከተማ የክብር ዜግነት ሰጠችው፤ ይህቺውም ከተማ በ1921 ዓ.ም. ተቈጥቶ የወጣባት ናት። ቁጣውን ያየች ከተማ መታረሙንም አይታ አከበረችው።

ይሁን እንጂ በጎልፍ ላይ የሚነሣው ነቀፋ ሁሉ ከንቱ አይደለም። የብዙው ሜዳ ዋጋ ውድ ነው፤ መሬትና ውኃ ይፈልጋል፤ ጊዜንም ይበላል። በዐሥራ ስድስተኛውና በዐሥራ ሰባተኛው መቶ ዓመት በስኮትላንድ በእሑድ በጸሎት ሰዓት ሲጫወቱ የተገኙ ሰዎች በቤተ ክርስቲያን ሸንጎ ይቀጡ ነበር። የሴንት አንድሩስ አሮጌው ሜዳ ዛሬም ቢሆን ከታላላቅ ውድድሮች በቀር በእሑድ ለተጫዋች ዝግ ነው፤ በዚያ ቀን የከተማው ሕዝብ ልጆቹን ይዞ ይንሸራሸርበታል። ሜዳው የሕዝብ ስለ ሆነም በሌላው ቀን ከውጭ የመጣ ተጫዋች ዋጋውን ከፍሎ፥ ዕጣ ደርሶት ሊጫወት ይችላል። ለጨዋታም ለዕረፍትም ወሰን ያበጁለት የዚያ አገር ሰዎች ጨዋታውን ከሁሉ አብልጠው የሚወዱት ናቸው። ወሰን የሌለው ፍቅር ለቤተ ሰብ የሚገባውን ሰዓት ይቀማል፤ ያን ጊዜ ጨዋታው ዕረፍት መሆኑ ቀርቶ ሌላ ሥራ ይሆናል።

እንግዲህ ይህን ጨዋታ ለመጀመር የሚያስብ ሰው ከበትሩ አስቀድሞ ሦስት ነገር ቢያዘጋጅ መልካም ነው፤ ምቱ ሲበላሽ የሚስቅበት ትዕግሥት፥ ወደ ቤቱ የሚመለስበት የተወሰነ ሰዓት፥ የመታውን ያህል ብቻ የሚጽፍ እርሳስ። የቀረውን ሜዳው ራሱ ያስተምረዋል።