ከዐስር እስከ መግሪብ ስለ አንድ ቁጥር



ባለፈው ከዐስር እስከ መግሪብ የተከራከርነው ስለ አንድ ቁጥር ነው። ሦስት የፊዚክስ ተማሪዎች ነን፤ 13 ኤሌክትሮን ያጣ የብረት አዮን አንዱን መልሶ የሚይዝበትን ፍጥነት ለመመረቂያ ጽሑፋችን ስናሰላ ከርመናል። ጀርመን፣ ሃይደልበርግ ውስጥ ግን ይህ በሙከራ ተለክቷል። ዙሪያው 55 ሜትር በሆነ አየር አልባ ቀለበት ውስጥ አዮኖች ይዞሩ ነበር፤ በአንዱ ጎን የኤሌክትሮን ጨረር በተቀራራቢ ፍጥነት አብሯቸው ይሮጥ ነበር። ኤሌክትሮን የያዘው አዮን ቻርጁ በአንድ ስለሚቀንስ ማግኔቱ እንደ ጓደኞቹ አያጥፈውም ነበር፤ ከመስመር ወጥቶ መቁጠሪያው ላይ ያርፍ ነበር። ከዚያ አንድ በአንድ መቁጠር ነበር! (እኛ በአንድ ቮልቲሜትር ለስድስት የምንሻማውን አታንሱብን።)

ለእንዲህ ያለ አዮን ዝቅተኛ በሚባል ሙቀት፣ የተለካው ከቀድሞዎቹ ስሌቶች 10 እጥፍ ገደማ በልጦ ተገኘ። የእኛም ስሌት እንደ ቀድሞዎቹ በጣም ዝቅ ያለ ነው።

«ማባዣ እናስገባበትና እናስተካክለው፤ ማን ያያል?» አለ አንዳችን። ቃሉ ከአፉ ሳይወጣ ራሱ አፈረ።

ስንመረምረው፣ የገባው ኤሌክትሮን ጉልበቱን አዮኑ ውስጥ ላለ ሌላ ኤሌክትሮን ሰጥቶ የሚያዝበትን መንገድ ቀመራችን ጨርሶ አልያዘውም። ልዩነቱን እንዳለ፣ ከነምክንያቱ ጻፍነው። ፈታኞች ፊት የምንቀርበው የፊታችን ሐሙስ ነው፤ ዱዓችሁ አይለየን።