ከባንግኮክ እስከ ዋኮ፤ በታይላንድ ባሕር ዳር የአምስት ቀን ጕዞ

ወደ ታይላንድ፥ በቀድሞ ስሟ ወደ ሲያም፥ የሚሄድ እንግዳ አብዛኛውን ጊዜ በባንግኮክ በወርቅ ያጌጡትን የቡድሃ ገዳማት አይቶ፥ ከዚያም ወደ ደሴቶቹ በአውሮፕላን በርሮ ይመለሳል። ይህም አይነቀፍም። ነገር ግን አገርን በሰማይ የሚያልፍ ሰው የሚያየው ደመናውን ነው። ስለዚህ እኔና ባለቤቴ መኪና ከነነጂው ተከራይተን፥ ወደ ደቡብ በሚወርደው መንገድ ቀስ እያልን መሄድን መረጥን። ፔትካሴም የሚባለው አውራ ጎዳና እስከ ማሌዥያ ወሰን ከ1,200 ኪሎ ሜትር ይበልጣል፤ እኛ የፈለግነው ግን 300 ኪሎ ሜትር ያህሉን ብቻ ነበር።

ነጂያችን ጠጕራቸው የሸበተ ሰው ናቸው። በአገሩ ልማድ ታላቅን ሰው በስሙ ብቻ መጥራት ነውር ስለ ሆነ «ሉንግ» እንላቸው ነበር፤ ትርጓሜውም አጎት ማለት ነው። በዚያ አገር መኪና የሚነዳው በግራ በኩል ነውና፥ ባለቤቴ በየመታጠፊያው «በስመ አብ!» ማለቷን እስከ ኹለተኛው ቀን አልተወችም።

ከዋና ከተማው የወጣነው በባሕሩ አቅራቢያ በሚያልፈውና ኋላ ከፔትካሴም ጋር በሚገናኘው መንገድ ነው። በሳሙት ሳኮንና በሳሙት ሶንግክራም አውራጃዎች ከመንገዱ ግራና ቀኝ የጨው እርሻ ተዘርግቷል። በበጋ የባሕሩን ውኃ ወደ ተደለደለው መደብ ያስገቡታል፤ ፀሐይ እየመጠጠችው ከመደብ ወደ መደብ ያስተላልፉታል፤ በመጨረሻ ጨው ብቻ ሲቀር በመጥረጊያ እየሰበሰቡ እንደ ትንንሽ ጎጆ ይከምሩታል። የእኛ አሞሌ ከምድር እየተቆረጠ ሲወጣ የእነርሱ ከባሕር ይታፈሳል። ሠራተኞቹ ፊታቸውን ከፀሐይ ሸፍነው ቅርጫቱን በትከሻቸው ሲሸከሙ ያየ ሰው፥ በማዕዱ ላይ ያለውን ጨው በቸልታ አይበትንም።

ወደ ቀትር ፔቻቡሪ ገባን፤ ስሙ የአልማዝ ከተማ ማለት ነው። ብዙ ሰው ወደ ባሕሩ መዝናኛ ሲቸኩል ይህችን ከተማ አልፏት ይሄዳል፤ እንደ እኔ አሳብ ግን ከመንገዱ ኹሉ የምትበልጠው እርሷ ናት። በከተማው ዳርቻ ረዣዥም የዘንባባ ዛፎች በእርሻ መካከል ቆመዋል። ቆራጩ በቀርከሃ መሰላል ወጥቶ የአበባውን ግንድ ይቆርጣል፤ የሚንጠባጠበውን ጣፋጭ ውኃ በማሰሮ ወይም በቀርከሃ ቀፎ ያጠራቅማል፤ ይህም በሰፊ ብረት ምጣድ ሲፈላ ስኳር ይሆናል። በዚህ ስኳር፥ በእንቁላልና በኮኮናት ወተት የሚጋገር የከተማዋ ጣፋጭ አለ፤ ልጆች ያሏችሁ አንባቢዎች ገዝታችሁ በመኪና ውስጥ አታስቀምጡት፤ እስከ ማታ አይቆይም።

ካኦ ሉዋንግ በሚባለው ዋሻ ከመቶ የሚበልጡ የቡድሃ ምስሎች ተደርድረው ይታያሉ። ጣራው የተቀደደ ነውና፥ ረፋድ ላይ የፀሐይ ጨረር እንደ ምሰሶ ወርዶ በመካከላቸው ይቆማል። ይህን ለማየት ሰማዩ የጠራበትን ቀን መምረጥ ያስፈልጋል።

ከከተማው በላይ ባለው ባለ ሦስት ራስ ተራራ ንጉሥ ሞንግኩት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1859 ማሠራት የጀመሩት ቤተ መንግሥት አለ። የአውሮፓ፥ የቻይናና የሲያም አሠራር ተደባልቆበታል። ጦጣዎቹ ግን የንጉሥ ግቢ መሆኑን አያከብሩም፤ ከባለቤቴ እጅ ሙዝ ነጥቀዋል። እኔን እጅግ የማረከኝ በመስታወት ጕልላት የተከደነው ክብ ግንብ ነው፤ ንጉሡ ከዋክብትን የሚመለከቱት ከዚያ ነበርና።

እኒህ ንጉሥ ዙፋን ከመያዛቸው በፊት 27 ዓመት በምንኩስና ኖረዋል። ለእነርሱ እንደ ግእዝ የሆነውን የፓሊን ቋንቋ ጠንቅቀው አወቁ፤ ላቲንን ከፈረንሳዊው ጳጳስ ከፓልጐአ፥ እንግሊዝኛን ከአሜሪካ ሚስዮናውያን ተማሩ፤ ሃይማኖታቸውን ግን አልለወጡም። በ1851 ከነገሡ በኋላ በ1855 ከእንግሊዝ ጋር የንግድ ውል ተዋዋሉ። በዚህም ውል የገቢው ቀረጥ በመቶ ሦስት ብቻ እንዲሆን፥ የእንግሊዝም ዜጎች በሲያም ዳኛ እንዳይዳኙ ፈቀዱ። በፍርድ ቤት ጸሐፊነት ለምሠራው ለእኔ ይህ ኹለተኛው ቃል መራራ ነው፤ እኛም በ1908 ከፈረንሳይ ጋር በተደረገው ውል ቀምሰነዋል። የሆነ ሆኖ ሲያም ቅኝ ሳትገዛ ቀረች፤ ለዚህም የተከፈለው ዋጋ ይህ አንዱ ነው።

ከፔቻቡሪ ወደ ደቡብ፥ በቻአም አጠገብ፥ የልጅ ልጃቸው ንጉሥ ቫጂራቩድ በ1923 ማሠራት የጀመሩት የእንጨት ቤተ መንግሥት በ1,080 ምሰሶ ላይ ቆሟል። ጕንዳን እንዳይወጣ በየምሰሶው ሥር ውኃ የሚቋጠርበት ቦይ አለ። ንጉሡ ኹለት በጋ ብቻ ተቀምጠውበት በ1925 ሞቱ። ሁዋ ሂንን ሳንቆይ አለፍናት፤ ያማረች ናት፥ ግን ኹሉ ያውቃታል።

ዋኮ የምትገኘው ከፕራቹዋፕ ከተማ በስተደቡብ ነው። እነሆ የጕዟችን ምክንያት። ንጉሥ ሞንግኩት ሙሉ የፀሐይ ግርዶሽ በዚህ ስፍራ እንደሚታይ በራሳቸው ቁጥር አስልተው አስቀድመው ነገሩ። በዚያ ዘመን ሕዝቡ ራሁ የሚባል ጋኔን ፀሐይን ይውጣታል ብሎ ያምን ነበር። ንጉሡ ጫካ አስመንጥረው ሰፈር አሠሩ፤ የፈረንሳይን የከዋክብት ሊቃውንትና የሲንጋፖርን እንግሊዛዊ ገዢ ጠሩ። ቀኑ እ.ኤ.አ. ኦገስት 18 ቀን 1868 ነበር፤ በእነርሱ አቆጣጠር ዓመቱ 2411 ሲሆን፥ በእኛ ነሐሴ 13 ቀን 1860፥ የደብረ ታቦር ዕለት ነው። ጠዋት ደመና ሸፍኖ ነበር፤ ኋላ ተገለጠ፤ ፀሐይም ንጉሡ እንደ ተናገሩት ከስድስት ደቂቃ በላይ ጨለመች።

ይህ ግርዶሽ በዓደንም በሕንድም ታይቷል። ባሕረ ሐሳብ የተማረ ሰው ዕለቱን ሲቆጥር በዚያው ዓመት ሚያዝያ 6 ቀን በመቅደላ የሆነውን ሳያስብ አያልፍም። ዐፄ ቴዎድሮስም የአውሮፓን ጥበብ ተመኝተዋል፤ በጋፋት ያሠሩት መድፍ ምስክር ነው። አንዱ ንጉሥ እንግሊዞችን በጦር ገጠሙ፤ ሌላው ወደ ግርዶሽ ጋበዙ። በማን ላይ የፈረደ ሰው ኹለቱም የቆሙበትን ምድር አስቀድሞ ይመርምር።

ሞንግኩትም ለሒሳባቸው በሕይወታቸው ከፈሉ። በዚያ ረግረግ እርሳቸውንና ልጃቸውን ቹላሎንግኮርንን ወባ ያዛቸው። ልጁ ዳኑ፤ አባት ግን በመስከረም 22 ቀን 1861 አረፉ። ልጁ በ15 ዓመታቸው ነገሡ፤ ባሪያ አገዛዝን በየደረጃው የሻሩትም እርሳቸው ናቸው።

ዛሬ በስፍራው የሳይንስ መናፈሻና የባሕር እንስሳት ቤት ተሠርቷል፤ ኦገስት 18ም በታይላንድ የሳይንስ ቀን ሆኖ ይከበራል። የተማሪዎች አውቶቡሶች ቆመው ነበር። ሉንግ ቆባቸውን አውልቀው በንጉሡ ሐውልት ፊት ተንበረከኩና አበባ አኖሩ። ከዚያ ዓመቱ በእኛ ስንት እንደ ሆነ ጠየቁኝ። በወረቀት 2411፥ 1868፥ 1860 ብዬ ጽፌ ሰጠኋቸው። ጥቂት ተመልክተው ሳቁ፤ ወረቀቱንም አጥፈው ከመንጃ ፈቃዳቸው ጋር አኖሩት። ከዚያም ጥላ ፈልገን ዓሣ ከሩዝ ጋር በላን።