ልጆቻችንን ወደ አያታቸው ቤት የወሰድንበት ክረምት፤ ከሚዛን ተፈሪ እስከ ቴፒ

ወላጅ ለልጁ ቤት ይሠራለታል፤ ልብስ ይገዛለታል፤ ከትምህርት ቤት ያስገባዋል። ይህ ሁሉ መልካም ነው። ነገር ግን ልጁ ከአያቱ ፊት ቀርቦ «እንደምን አደሩ» ለማለት አስተርጓሚ ሲፈልግ ያየ አባት፣ ከሰጠው ሁሉ ይልቅ ያልሰጠው አንድ ነገር ይከብደዋል። እኛ ይህ ክብደት የደረሰብን ሰዎች ነንና ያየነውንና የተማርነውን ለመሰሎቻችን ወላጆች ልንነግር ወደድን።

እኛ ሁለት ወንድማማቾች ነን። የተወለድነው በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ፣ ከሚዛን ተፈሪ ከተማ በእግር ሁለት ሰዓት በሚያስኬድ የቤንች መንደር ነው። ዛሬ አንዳችን በአዲስ አበባ፣ አንዳችን በአሜሪካ አገር እንኖራለን። በልጅነታችን ከተማ ገብተን ስንማር አማርኛችን የተሰባበረ ነበርና ጓደኞቻችን ይስቁብን ነበር፤ እኛም ሳቁን ፈርተን የእናታችንን ቋንቋ ከደጃፍ ውጭ መናገር ተውን። ፍርሃቱ ሥር ሰደደና አባቶች በሆንን ጊዜ ለልጆቻችን አንዲት ቃል እንኳ ሳናወርስ ቀረን። አዲስ አበባ የተወለዱት ልጆች አማርኛ፣ አሜሪካ የተወለዱት እንግሊዝኛ ብቻ ይናገራሉ። እናታችን ደግሞ የሚያውቁት ቤንችኛና ጥቂት የገበያ አማርኛ ነው። ስለዚህ በስልክ በተገናኙ ቍጥር አያትና የልጅ ልጆች ጥቂት ይሳሳቁና ዝም ይባባሉ ነበር።

ከዚህ ዝምታ ለመውጣት ሐሳብ የመጣልን ከሩቅ ነው። በአሜሪካ በኮሎራዶ ክፍለ ግዛት ከውጭ አገር የመጡ ልጆችን በጉዲፈቻ የሚያሳድጉ ቤተሰቦች ከ30 ዓመት ለሚበልጥ ጊዜ የባህል ካምፕ ሲያዘጋጁ ኖረዋል። የሕንድ ተወላጆች ለብቻቸው፣ የአፍሪካ ተወላጆች ለብቻቸው ከአሳዳጊዎቻቸው ጋር ለጥቂት ቀናት ይሰበሰባሉ፤ የትውልድ አገራቸውን ምግብ፣ ልብስና ጨዋታ ይማራሉ፤ ከሁሉም በላይ እነርሱን የሚመስል ሌላ ልጅ ያያሉ። ከእኛም አገር፣ መንግሥት የውጭ ጉዲፈቻን በ2010 ዓ.ም. በሕግ እስኪከለክል ድረስ፣ ከ15 ሺህ የሚበልጡ ሕፃናት ወደ አሜሪካ ሄደዋል። ይህን በሰማን ጊዜ እርስ በርሳችን ተያየን። እነዚያ ሰዎች በሥጋ ላልወለዷቸው ልጆች ይህን ያህል ሲደክሙ፣ አያታቸው በሕይወት ላሉ፣ መንደራቸው ላልጠፋ ልጆቻችን እኛ ምን ሠራን? መልስ አልነበረንም።

ስለዚህ በ2016 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ ላይ የሁለታችንን ልጆችና ሁለት የጎረቤት ልጆች፣ በድምሩ ስምንት ሕፃናት ይዘን ከአዲስ አበባ ተነሣን። መንገዱ የጊቤን ወንዝ ተሻግሮ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ከሄደ በኋላ ጅማ ይገባል። በዚያ አድረን በማግሥቱ ወደ ጎጀብ ወንዝ ወረድን። ከጎጀብ ማዶ የካፋ ምድር ይጀምራል። ዳገቱን እየወጣን ወደ ቦንጋ ስንቀርብ ጭጋግ መስኮቱን ሸፈነው፤ ጭጋጉ ሲገለጥም ከመንገዱ ግራና ቀኝ ደን ብቻ ሆነ። የተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፣ የሳይንስና የባህል ድርጅት የካፋን ደን በ2002 ዓ.ም.፣ የሸካን ደን በ2004 ዓ.ም. በዓለም የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራዎች መዝገብ ያሰፈረው፣ የቡና ዛፍ ማንም ሳይተክለው በእነዚህ ደኖች ጥላ ሥር ስለሚበቅል ጭምር ነው። ከቦንጋ አለፍ ብሎ የውሽውሽ የሻይ ተክል ኮረብታውን እንደ ተከረከመ ምንጣፍ አልብሶታል። ከዚያ ወዲያ እንሰት፣ ጎደሬ፣ ቡና፣ እንደገናም ደን እያየን በማታ ሚዛን ተፈሪ ገባን።

ሚዛን ተፈሪ ዛሬ ከአማን ጋር ተጣምራ ሚዛን አማን ትባላለች፤ የቤንች ሸኮ ዞን ዋና ከተማ ናት። በ1999 ዓ.ም. የተቋቋመው የሚዛን ቴፒ ዩኒቨርሲቲም በእርስዋና በቴፒ ይገኛል። አገሩ በ2014 ዓ.ም. በሕዝበ ውሳኔ የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል ከተባለ ወዲህ ብዙ ነገር ተለውጧል። ያልተለወጠው ዝናሙ ነው። መኪናችን ከዋናው መንገድ እንደ ወጣች በጭቃ ተያዘችና የቀረውን መንገድ ልጆቹን እየጎተትን በእግራችን ሄድን። እናታችን ከደጃፍ ቆመው ነበር። ስምንቱንም አንድ በአንድ ሳሟቸው፤ ከዚያም አንዳች ተናገሩ። ልጆቹ ወደ እኛ ዞረው «ምን አሉ?» አሉን። «ጭቃው በልቷችኋል፤ ወደ እሳቱ ቅረቡ ነው ያሉት» ብለን ተረጐምን። ያን ዕለት ስንተረጕም አመሸን።

በነገታው ያዘጋጀነውን ትምህርት ጀመርን። ልጆቹን በቤቱ ጥግ በአግዳሚ ላይ አስቀምጠን ስለ ቤንች፣ ስለ ሸኮ፣ ስለ ካፊቾ፣ ስለ ሸኪቾ፣ ስለ ማጃንግና ስለ መኢን ሕዝቦች ነገርናቸው፤ ቃላት በሰሌዳ ጻፍን፤ ጨዋታ የሚያሳዩ ጎረምሶችንም ከመንደሩ ጠራን። ልጆቹ አጨበጨቡ፤ ፎቶግራፍ አነሡ፤ በሁለተኛው ቀን ያዛጉ ጀመር። በሦስተኛው ቀን ከመካከላቸው ታላቂቱ «መቼ ነው የምንመለሰው?» ብላ ጠየቀች። ዝናሙም አላቋረጠም ነበርና ልባችን ወደቀ።

ያን ማታ እናታችን በእሳቱ ዳር ሆነው፣ «እነዚህ ልጆች እንግዶች ናቸው ወይስ ልጆቼ?» ሲሉ ጠየቁን።

«ልጆችዎ ናቸው እንጂ» አልን።

«ታዲያ ለምን ተቀምጠው ይውላሉ? የሚቀመጥ እንግዳ ነው። ልጅ ይላካል።»

ይህ ቃል ያዘጋጀነውን ሁሉ ሻረው። በማግሥቱ አግዳሚውም ሰሌዳውም ተነሡ። ልጆቹ ውኃ ቀዱ፤ እንጨት ለቀሙ፤ እንሰት ሲፋቅ አገዙ። የፍልሰታ ጾም ገብቶ ነበርና የቤቱ ምግብ ጎደሬ ነበር። ጥሬ ጎደሬ ሲላጥ እጅን ያሳክካል፤ የአሜሪካይቱ ልጃችን ይህን ሳታውቅ ሦስት ልጣ አለቀሰች። እናታችን ምንም ሳይናገሩ ሁለት እጆቿን ይዘው ከእሳቱ አጠገብ አሞቁላት፤ የራሳቸውንም እጅ አብረው አሞቁ። አስተርጓሚ አላስፈለገም። ከዚያ ቀን በኋላ ያች ልጅ ከአያቷ ጐን አልተለየችም። የቡና ቅጠል ቈርጣ፣ ዝንጅብልና ነጭ ሽንኩርት በሙቀጫ ወቅጣ፣ በዚያ አገር ጨሞ የሚባለውን መጠጥ ማፍላት ተማረች። እኛ በአዲስ አበባ የቡናን ፍሬ ብቻ እናውቃለን፤ እዚያ ግን ቅጠሉም ይጠጣል። የቅመሞቹን ስም በአያቷ ቋንቋ የተማረችው በሰሌዳ ሳይሆን «አቀብዪኝ» እየተባለች ነው።

ስለ ቋንቋው አንድ ነገር እንንገራችሁ። በቤንችኛ አንድ ቃል በድምፁ ከፍታና ዝቅታ ብቻ ትርጕሙን ይለውጣል። የቋንቋ ሊቃውንት ስድስት የድምፅ ደረጃ ቈጥረውበታል፤ አምስቱ ባሉበት የሚጸኑ ሲሆኑ አንዱ ወደ ላይ የሚወጣ ነው። ስለዚህም ወንዶች ከሸለቆ ወዲህና ወዲያ ማዶ ሆነው፣ ቃል ሳያወጡ በፉጨት ይነጋገራሉ። ፉጨቱ በከንፈር ወይም ሁለት እጆችን እንደ ዋሻ ገጥሞ ይደረጋል፤ በአምስት አውታር ክራርም ያንኑ ንግግር ማሰማት ይቻላል። ከአሜሪካ የመጣው የዐሥራ ሁለት ዓመት ልጃችን ቃሉን ሊጠራ ቢሞክር አንደበቱ እምቢ አለው። ነገር ግን በትምህርት ቤቱ ጥሩንባ የሚነፋ ልጅ ነውና ጆሮው ዜማን ይለያል። አጎታችን ከማዶ ሆነው በፉጨት ሲጠሩ አደመጠ፤ እጆቹንም ገጠመ። ሁለት ቀን ከእጆቹ መካከል ነፋስ ብቻ ወጣ። በሦስተኛው ቀን ማለዳ ጭጋጉ ሳይነሣ ከቤት ወጥቶ ነፋ፤ አጎታችንም ከማዶ መለሱለት።

እናታችን ከውስጥ ሆነው፣ «የማን ልጅ ነው በማለዳ የሚጠራው?» አሉ። የመንደር ልጅ መስሏቸው ነበር።

የልጁን ስም በነገርናቸው ጊዜ ከመሶቡ ላይ እጃቸውን አንሥተው ረዘም ላለ ጊዜ ዝም አሉ። ቀጥለውም ሳቁ። እኛ ግን መሳቅ አልቻልንም፤ በልጅነታችን የደበቅነው ድምፅ ከልጃችን እጅ ሲወጣ ሰምተን ነበርና።

ጾሙ ሊፈጸም ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ልጆቹን ይዘን ወደ ቴፒ ወረድን። ቴፒ ከሚዛን 50 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በሸካ ዞን በየኪ ወረዳ የምትገኝ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ያህል ከፍታ ያላት ሞቃት ከተማ ናት። ሰፊ የቡና ልማት አላት፤ በታላላቅ ዛፎች ጥላ ሥር የተሰለፈው ቡና ወራቱ ገና ስለ ነበረ ፍሬው አረንጓዴ ነበር። በቴፒ የቅመማ ቅመም ምርምር ማእከል ስላለ ቁንዶ በርበሬ፣ እርድና ሄል በአካባቢው በብዛት ይበቅላሉ። ቁንዶ በርበሬ እንደ ሐረግ በዛፍ ላይ ተጠምጥሞ ሲወጣ ልጆቹ በመደነቅ አዩ።

የቁንዶ በርበሬ ጥንተ አገሩ በደቡብ ሕንድ ያለው የማላባር ዳርቻ፣ የዛሬው የኬረላ ክፍለ ግዛት ነው። በዚያ ምድር በሐዋርያው ቶማስ ስም የሚጠሩ ክርስቲያኖች አሉ፤ ከእነርሱም የማላንካራ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ለእኛ በሃይማኖት እኅት ናት፤ አባቶቿም በ1957 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በተደረገው የኦሪየንታል ኦርቶዶክስ አብያተ ክርስቲያናት መሪዎች ጉባኤ ተገኝተዋል። በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ ዓመታትም ከኬረላ የመጡ ብዙ መምህራን በየጠቅላይ ግዛቱ ትምህርት ቤቶች የኢትዮጵያን ልጆች አስተምረዋል። ይህን ስንነግራቸው ታናሹ ልጅ፣ «ታዲያ ቁንዶ በርበሬው አሁን የሕንድ ነው ወይስ የቴፒ?» አለን።

እኛም ከዚሁ ከደቡብ ምዕራብ ጫካ ስለ ወጣው ጌሻ ስለሚባለው ቡና ነገርነው። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ዘሩ ከዚህ ተለቅሞ ወደ ኬንያና ወደ ታንዛኒያ ተወሰደ፤ በ1953 ወደ ኮስታ ሪካ፣ ከዚያም ወደ ፓናማ ተሻገረ። እዚያ ለብዙ ዘመን የሚያስታውሰው አልነበረም። በ2004 ግን በፓናማ የቡና ውድድር አንደኛ ወጣና ዓለም ሁሉ ጣዕሙን አደነቀ። ስሙን የውጭ ሰዎች አጣመው ይጠሩታል፤ ሆኖም እስከ ዛሬ የሚጠራው በወጣበት አገር ስም ነው። ልጁ ጥቂት አሰበና፣ «እንግዲያው የሁለቱም ነው፤ ግን ከየት እንደ መጣ የሚነግረው ሰው ያስፈልገዋል» አለ። ከዚህ የተሻለ መልስ እኛም አላገኘንም።

ነሐሴ 16 ቀን የእመቤታችን የዕርገቷ በዓል ነው። ከሌሊቱ ጀምሮ በመንደሩ አቅራቢያ ባለው ቤተ ክርስቲያን ቆምን፤ ልጆቹም ከቅዱስ ቍርባኑ ተቀበሉ። ከቅዳሴ በኋላ እናታችን ስምንቱን በዙሪያቸው ይዘው ለጎረቤቶቻቸው ሲያሳዩ፣ እኛን ወደ ኋላ ትተውን ነበር። ለመተርጐም ብንቀርብ በእጃቸው ከለከሉን።

ክቡራን አንባቢዎቻችን ሆይ፤ በሦስት ሳምንት ልጆቻችን ቤንችኛ ቻሉ ብንል ሐሰት ይሆንብናል። የሚያውቁት ሠላሳ የሚያህል ቃል ነው፤ ከዚያም የሚበዛው የምግብና የሥራ ስም ነው። ነገር ግን አያታቸው ለእነርሱ ሥዕል መሆናቸው ቀርቷል። እኛም ሁለት ነገር ተምረናል። አንደኛው፣ ልጅ የአባቶቹን ነገር የሚቀበለው ተቀምጦ በማየት ሳይሆን ተልኮ በመሥራት መሆኑን ነው። ሁለተኛው፣ ጕዞው በሩን ቢከፍት እንጂ ቤቱን አይሠራም፤ ቤቱ የሚሠራው በየዕለቱ በወላጅ አንደበት ነው። ቤንችኛ ቢሆን፣ ጉራጊኛ ቢሆን፣ አገውኛ ቢሆን፣ በውጭ አገር ላለውም አማርኛ ቢሆን፣ በቤት ያልተነገረውን ቋንቋ ልጅ ከማንም ሊያገኘው አይችልም። አያቶችም በምድር ላይ ቀጠሮ የላቸውም።

ከተመለስን ወዲህ በየእሑዱ ከቅዳሴ በኋላ ወደ ሚዛን እንደውላለን። እያንዳንዱ ልጅ አንዲት አዲስ ቃል ይናገራል፤ እናታችን ያርሙታል። እኛም ተራችን ሲደርስ እንናገራለን፤ ከልጆቹ ይልቅ የምንታረመው እኛ ነን። የአሜሪካው ልጅ ግን ተራው ሲደርስ ስልኩን አስቀምጦ እጆቹን ይገጥማል።

የአባቶቻችን አምላክ ለልጆቻችን የምናወርሰውን እንዳንደብቅ ይርዳን።