ባሕሩ የት ሄደ?

በክረምቱ እረፍት ዛንዚባር ደርሰን ተመለስን። ወጪው የባለቤቴ እቁብ ነው፤ የመምህር ደሞዝማ ታውቁታላችሁ።

ፕሮግራሙን ያወጣሁት ግን እኔ ነኝ፣ እንደ ሳምንታዊ ዕቅድ በሰዓት በሰዓት ከፋፍዬ። የመጀመሪያው ቀን፣ ጠዋት 3 ሰዓት፣ ፓጄ ላይ ዋና። ሄድን። ባሕሩ የለም! ጀልባዎቹ አሸዋው ላይ በጎናቸው ተኝተዋል፣ ሴቶች ጎንበስ ብለው የባሕር አረም ይሰበስባሉ። ውሃው እሩቅ እንደ ሰማያዊ ክር ይታያል። ባለቤቴ ዞር ብላ አየችኝና "አንተ፣ ይሄንን አይደል እንዴ ለልጆቹ የምታስተምረው?" አለችኝ።

እውነቷን ነው። የጨረቃ ስበት እያልኩ ስንቴ ሰሌዳ ላይ ስዬዋለሁ! ውሃው ሞልቶ እስኪሸሽ 6 ሰዓት ገደማ ይፈጃል፤ ሰዓቱም በየቀኑ ወደ 50 ደቂቃ ይገፋል። ባሕር ግን በዓይኔ አይቼ አላውቅም ነበር።

ማታ ዕቅዱን ቀድጄ አብረን እንደ አዲስ ሠራን። ውሃው ሲሸሽ ጆዛኒ ጫካ፣ ቀያዮቹ ጉሬዛዎች ጋ፤ ሲሞላ ዋና። ለዋና ብቻ የምትሄዱ ሰሜን ኑንግዊ ይሻላችኋል፣ እዚያ ብዙም አይርቅም። ስቶን ታውን ያለውን የድሮ የባሪያ ገበያ ቦታ ግን በችኮላ አትዩት። እኔ 1 ሰዓት ብቻ መድቤለት ነበር፤ ግማሽ ቀን ቆየን፣ ስንወጣም ሁለታችንም ዝም።

ደግሞ ስዋሂሊዎች ሰዓት የሚቆጥሩት እንደኛው ነው! ሾፌሩ "ሳ ታቱ" ካለ የኛው የጠዋት 3 ሰዓት ነው።

መስከረም ላይ ለልጆቹ ፎቶውን አሳያቸዋለሁ፦ ባለቤቴ በጎኗ ከተኛች ጀልባ አጠገብ ቆማ፣ እየሳቀችብኝ።