ከሱቅ ነው የገዛሁት

ስለ ቡዳ ሲወራ «እኔ እንዲህ ያለ ነገር አላምንም» የምል ሴት ነኝ። ተምሬያለሁ፣ አገር አይቻለሁ፣ ልጆቼንም እዚህ ኮሎራዶ፣ እንግልውድ ከየአገሩ ልጅ ጋር እያሳደግሁ ነው። አንዲት የማውቃት ልጅ እቤቴ መጥታ ትንሹ ልጄ እየበላ ከደረሰች ግን እጄ ሳላዘው ሳህኑን ከፊቷ ዞር ያደርገው ነበር። አላየችኝም እያልኩ ራሴን አባብል ነበር። አይታኛለች።

የአዲስ አበባው ቀጨኔ ልጅ ናት። አያቷም እናቷም ሸክላ ሠሪዎች ናቸው። እዚህ ሌሊት አረጋውያን ስትንከባከብ ታድራለች፤ ቀን ከእንቅልፍ በተረፋት ሰዓት ደግሞ የሸክላ ስቱዲዮ ትሄዳለች፣ ያውም በየወሩ እየከፈለች። እናቷ በችግር የያዙትን፣ በየሰፈሩ የሚሰደቡበትን ሥራ ፈረንጆቹ ገንዘብ ከፍለው፣ ሽርጥ ታጥቀው ሲማሩት ስታይ መጀመሪያ ማመን አቅቷት እንደነበር ነግራኛለች።

ስቱዲዮው ውስጥ አብዛኞቹ የሚሠሩት በሚሽከረከር መንኮራኩር ላይ ነው። እሷም ትችልበታለች፤ ጀበና ስትሠራ ግን ወደ እናቷ አሠራር ትመለሳለች። የተሰበረ ሸክላ ገል ወቅጣና ነፍታ ከጭቃው ጋር ታሸዋለች። ገሉ ያልገባበት ጭቃ እሳት ላይ ሲጣድ ቶሎ ይሰነጠቃል። ሆዱን ከድቡልቡል ጭቃ በአውራ ጣቷ እየገፋች ታወጣዋለች፤ አንገቱን ጥቅል ጭቃ እየደረበች ታስረዝመዋለች። የኮሎራዶ አየር ደረቅ ስለሆነ ጭቃው ፈጥኖ ይደርቅና እጀታው ከሆዱ ሳይዋሐድ ይለቃል። ስለዚህ በፕላስቲክ ሸፍና፣ ቀን ጠብቃ፣ ቀስ ብላ ነው የምታደርቀው። ከዚያ በለስላሳ ድንጋይ እስኪያበራ ድረስ ታሸዋለች። ቀለም የለበትም፣ የሚያብረቀርቅ ቅብም አልነካውም።

ለኔ የሰጠችኝን ጀበና ያን ጊዜ ልብ ብዬ አላየሁትም። አሁን አየዋለሁ። አንገቱ በጣም ጥቂት ወደ ግራ ያዘነብላል። በርሜል ውስጥ በሰጋቱራ ስለተቃጠለ ሆዱ ላይ እንደ ደመና ያለ ጥላሸት ተኝቶበታል፤ ከአንዱ ጎን ጠቁሮ በሌላው ጎን ቀይ ሆኖ ቀርቷል። እጀታው ከሆዱ በሚገጥምበት ቦታ የአውራ ጣቷ አሻራ አለ። ጭቃውን ተጭና ስታጣብቅ የቀረ ነው። ለማስዋብ ብላ አይመስለኝም፣ ግን ጀበናውን ሳነሳ የኔም አውራ ጣት እዚያችው ጎድጓዳ ላይ ታርፋለች። በፋብሪካ ዕቃ እንዲህ ያለ ነገር አግኝቼ አላውቅም። ቡናው ሲቀዳ ከጡቱ አንዲት ጠብታ አታመልጥም።

በፋሲካ ከአውሮራ እንግዶች መጡልኝ። ቡናውን ያፈላችው እሷ ናት። አንዲት እናት ጀበናውን እያዩ «እንዴት ያምራል! ማን ነው የሠራው?» አሉ። እሷ ቀና አለች፤ ልትናገር ነበር። ቀደምኳት።

«ከሱቅ ነው የገዛሁት፣ እዚያው እናንተ ጋ አውሮራ» አልኩ።

ምንም አላለችም። ስኒዎቹን ሞላች፣ ከታላቅ ጀምራ አደለች። በረካው እስኪጠጣ ቆይታ፣ ረከቦቱን አንስታ፣ ልጆቹን ስማ ሄደች። ከዚያ በኋላ እቤቴ አልመጣችም።

ለእሷ ብዬ ነው ያደረግሁት እያልኩ ብዙ ጊዜ ራሴን ሸነገልኩ። እንግዶቹ የሸክላ ሠሪ ልጅ መሆኗን ሲሰሙ ስኒያቸውን ቢያስቀምጡባትስ፣ ብትዋረድስ ብዬ ነው እል ነበር። ከዚህ ውስጥ እውነት አለ። የበለጠው እውነት ግን ለራሴ መፍራቴ ነው። «እንዴት እሷን እቤትሽ ታስገቢያለሽ?» እንዳይሉኝ ነው የፈራሁት። እሷ መቼም ደብቂኝ ብላኝ አታውቅም።

በእኔ አልተጀመረም ብል ማመካኛ አይሆንልኝም፤ ሆኖም ከየት እንደያዝኩት አውቃለሁ። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጁን በሙያው መስደብ የሚከለክል አዋጅ አስነግረዋል። ስድቡ ያንን አዋጅ አልፎ እኔ ድረስ መጣ። ጎንደር አጠገብ ወለቃ ላይ የቤተ እስራኤል ሴቶች ሸክላ ይሠሩ ነበር። ሰው ድስቱንና እንስራውን ከእጃቸው ይገዛ፣ ማታ ጅብ ይሆናሉ ብሎ ያማቸው ነበር። በግንቦት 1983 ዓ.ም. በዘመቻ ሰሎሞን ከ14,000 በላይ ቤተ እስራኤላውያን ከአዲስ አበባ ወደ እስራኤል ሲወሰዱ ስንት ባለሙያ አብሮ እንደሄደ አስበን እናውቅ ይሆን? እኔም በልጅነቴ ምጣድ ልንገዛ ስንሄድ በጣቴ አንኳኩቼ ድምፁን እሰማ፣ ዋጋ አስቀንስ ነበር፤ የሻጯን ፊት ግን አላይም ነበር። እንጀራችን የሚጋገረው እነሱ በሠሩት ምጣድ ላይ ነው። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ነቢዩ ኤርምያስ ወደ ሸክላ ሠሪው ቤት እንደወረደ ሲነበብ ልቤ ይነካል። ወጥቼ የቀጨኔዋን ሴት ሳገኝ ግን ልጄን እሸሽግ ነበር።

እሷ ከቀረች በኋላ ዴንቨር የሥነ ጥበብ ሙዚየም ሄድኩ፤ ለልጆቹ ብዬ ነበር። ሙዚየሙ የነባር አሜሪካውያንን ሥራ እንደ ጥበብ ቆጥሮ መሰብሰብ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1925 ነው። ከመስታወቱ ኋላ የፑዌብሎ ሕዝቦችን ገንቦ ሳይ ሆዱንም ልስላሴውንም አወቅሁት፤ የኛ ነው የሚመስለው። ቤት ገብቼ ማንበብ ጀመርኩ። ከኮሎራዶ በስተደቡብ፣ ኒው ሜክሲኮ ውስጥ ሳን ኢልዴፎንሶ በምትባል የፑዌብሎ መንደር ማሪያ ማርቲኔዝ የምትባል ሸክላ ሠሪ ነበረች። ያለ መንኮራኩር፣ ጥቅል ጭቃ እየደረበች ትሠራለች፣ በለስላሳ ድንጋይ ታሸዋለች፣ ሜዳ ላይ ታቃጥለዋለች፣ እሳቱን በደቀቀ ፋንድያ አፍና በጭሱ ታጠቁረዋለች። ባለቤቷ ጁሊያን ይስልላት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1980 ስትሞት ዝናዋ ዓለምን አዳርሶ ነበር። ናይጄሪያም ሸክላ ሠሪዋን ላዲ ክዋሊን ባለ 20 ናይራ ገንዘቧ ላይ አትማታለች። እኔን ግን የያዘኝ ሌላ ነገር ነው። ማሪያ ከሥራዎቿ ሥር ስሟን ትጽፍ ነበር። እኔ ያቺን ልጅ የቀማኋት ይህንኑ ነው።

ይቅርታ ልጠይቃት ሄድኩ። የሳህኑንም ነገር አልደበቅኋትም።

«የሳህኑን አውቃለሁ፣ እትዬ» አለችኝ። «እሱን ከልጅነቴ ለምጄዋለሁ። የዚያን ቀን ግን ሰው ወድዶት ጠየቀ። እኔ ነኝ የሠራሁት ልል ነበር።»

አለቀስኩ። እሷ አላለቀሰችም። ይቅር ብየሻለሁም አላለችኝ። «ለኔ ብቻ ብትነግሪኝ ምን ያደርግልኛል? እዚያ ለነበሩት ንገሪያቸው» አለች።

ለአንዳንዶቹ ደውያለሁ። አንዷ ወሬ ቀየረች። ሌላዋ «አንቺስ ምን ነክቶሽ ነው?» ብላ ተቆጣችኝ፤ ደስ አለኝ። ያኔ ጀበናውን ያደነቁት እናት ደግሞ ምጣድ ትሠራልኝ እንደሆን ጠይቂልኝ ብለው ላኩኝ። የጥቂቶቹን ስልክ ግን ማግኘት አልቻልኩም። ስሟን እዚህ ልጻፈው ብዬ ጠይቄያት «ስሜን ራሴ እናገራለሁ» ስላለችኝ ተውኩት። ለቀራችሁት ግን ይኸው፦ በፋሲካ እንግልውድ እቤቴ ቡና የጠጣችሁበትን ጀበና የሠራችው ቡናውን የቀዳችላችሁ ልጅ ናት። ሙያውን የተማረችው ቀጨኔ፣ ከእናቷ ነው። እኔ ዋሽቻችኋለሁ።