ከግሸን መልስ

ለመስከረም 21 ንግሥ ግሸን ደብረ ከርቤ የሚወጣ ሰው ስንቁ የታወቀ ነው፤ በሶ፣ ቆሎ፣ ዳቦ። መስቀለኛው አምባ ላይ ምግብ አይመረጥም። መልስ ላይ ግን ሆድ ክርክር ያነሣል።

እኛን ያከራከረችን ሐይቅ ከተማ ናት፤ ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ። ልጆቹ "ዓሣ!" አሉ። አማቴ ፊታቸውን አዞሩ።

"እማማ፣ ዓሣ ቀምሰው አያውቁም እንዴ?"

"በየሁዳዴው እሠራ የለም!"

የሽምብራውን ማለታቸው ነው፤ ዱቄቱ ታሽቶ፣ በዓሣ ቅርጽ ተቆርጦ፣ ተጠብሶ ቀይ ወጥ ውስጥ የሚገባውን። እሱ ጨዋ ዓሣ ነው፤ እሾህ የለው፣ ዓይን የለው።

ቆሮሶ የሚባለው ዓሣ ከነጭንቅላቱ ተጠብሶ ሲቀርብ ተፋጠጡ። "ይሄ ደግሞ ምን ያፈጥብኛል?" እንግዳነቱ ለእሳቸው ብቻ አልነበረም። ቆሮሶ ለሐይቁም እንግዳ ነው፤ ከሌላ ውኃ መጥቶ የተጨመረበት በ1970ዎቹ ነው።

ሎሚ ጨመቁበት፤ ዳጣ አስነኩት፤ ከጎኑ ቆነጠር አደረጉ። ከዚያ በኋላ ወሬ ቀረ። ትንሹ ልጅ ጉላሽ አዞ ነበር። ጉላሽ፣ ለእኔ፣ ዓሣን በቲማቲም መቅበር ነው፤ እሳቸውም አንዴ ቀምሰው መለሱለት።

ቤት ከገባን ወዲህ እማማ ዓሣ እያስገዙ በእርድና በነጭ ሽንኩርት አልጫ ይሞክራሉ። ልጆቹ ደግሞ ፆም ሳይገባ የሽምብራውን ይጠይቃሉ። ዳኝነቱን ማንም ባይጠይቀኝም ልስጥ፦ በጥብስ የሐይቁ፣ በወጥ የሽምብራው ይበልጣል።