አብነትና ቅጅ

በጃፓን አገር «ጋራዥ ኪት» የሚባል አንድ የእጅ ሥራ አለ። ጋራዥ የመኪና ማደሪያ ነውና ስሙ የሚያስታውቀው ነገሩ ከፋብሪካ ርቆ በመኖሪያ ቤት ጥግ ተሠርቶ ለገበያ የሚወጣ መሆኑን ነው። አሠራሩም እንዲህ ነው፤ አንድ እጀ ብልኅ ሰው የጦረኛን ወይም የዘንዶን ወይም በሲኒማና በሥዕላዊ ተረት የሚታይ የሌላ ፍጥረትን ምስል በጭቃ ይቀርጻል፤ ከዚህም በኋላ ራሱን ለብቻ፣ እጁን ለብቻ፣ ልብሱን ለብቻ አድርጎ በየብልቱ ይለያየውና በሬዚን ያባዛዋል። ሬዚን ማለት ሁለት ፈሳሾች ሲደባለቁ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ የሚጠና ሰው ሠራሽ ሙጫ ነው። ገዢው በሣጥን ውስጥ የሚያገኘው እንደ አጥንት የነጣ የተበታተነ አካል ብቻ ነው፤ ሞርዶና ገጣጥሞ ቀለምም ቀብቶ ምስል የሚያደርገው እርሱ ራሱ ነው። ስለዚህ ገንዘቡን የከፈለው ለዕቃ ነው ከማለት ይልቅ ለብዙ ሌሊት ድካም ነው ቢባል ለእውነት ይቀርባል።

ቁም ነገር ወዳድ ሰው ይህን ሲሰማ «የልጆች መጫወቻ ነው» ብሎ ሊያልፈው ይሻል። ለልጆች የሚሆነው ግን ሌላ ነው፤ እርሱ ከብረት በተሠራ ውድ ፎርማ ውስጥ በመኪና ኃይል እየተጨመቀ በብዙ ሺሕ የሚወጣው የፕላስቲክ መርከብና አውሮፕላን ነው። የእንግሊዙ ኤርፊክስ በ1952 ዓ.ም. ጎልደን ሃይንድ የተባለችውን መርከብ በትንሽ ምስል ካወጣ ጀምሮ (በዚህ ጽሑፍ ዘመኑ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ነው) የብዙ አገር ልጆች በዚያ አድገዋል። የሬዚኑ ሥራ ግን ብዙ ትዕግሥትና ስለታም መሣሪያ የሚጠይቅ ነውና ሠሪዎቹ አብዛኛውን ጊዜ ዐዋቂዎች ናቸው። ቀኑን ሙሉ በመሥሪያ ቤት ወረቀት ሲያገላብጥ የዋለ ሰው የሥራውን መጨረሻ አያይም፤ ደብዳቤው ከእርሱ እጅ ወደ ሌላው ይተላለፋል፤ ከዚያም የት እንደ ደረሰ አይታወቅም። ማታ በመብራት ሥር የሚሞርደው አንድ ስንዝር የሆነ ጦረኛ ግን ሲጀመር በእርሱ እጅ ነው፤ ቢያልቅም በእርሱ እጅ ያልቃል።

የተቀረጸ ምስል የሚለውን ቃል የሚያስታውሱ አባቶችም ይኖራሉ። ለእነዚህ ምስሎች የሚሰግድ የለም፤ በመደርደሪያ ላይ ቆመው አቧራ ይጠጣሉ። ይሁን እንጂ በመደርደሪያው ፊት የሚቆም ሰው ዐይኑ አንዳንድ ጊዜ ከማየት አልፎ እንደሚሄድ መካድ አይቻልም፤ ያ ደዌ ግን በሬዚን የተጀመረ አይደለም።

ሥራው ካደገባቸው ስፍራዎች ዋናው የኦሳካ አውራጃ ነው። በ1964 ዓ.ም. ሚያዋኪ ኦሳሙ የተባለ ሰው በዚያ ከአምስት ሜትር ካሬ የማትሰፋ የሞዴል ሱቅ ከፈተ፤ ስሟንም ካይዮዶ አላት። ይህን ሱቅ ይክፈት ወይስ ምግብ ቤት በማለት ልቡ ቢያመነታ የእንጨት ጎራዴ አቁሞ በወደቀበት በኩል እንደ ወሰነ ይነገራል። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ላይ ፋብሪካዎች የማይሠሩላቸውን ምስል የሚናፍቁ ወጣቶች በዚህች ሱቅና በመሰሎቿ ዙሪያ ተሰብስበው በራሳቸው እጅ መቅረጽና ማፍሰስ ጀመሩ። በ1985 ዓ.ም. ዎንደር ፌስቲቫል የተባለው ገበያ በቶክዮ ቆመ፤ ከ1992 ዓ.ም. ጀምሮም ካይዮዶ ያሰናዳዋል፤ በዓመት ሁለት ጊዜ ይውላል።

የዚህ ገበያ ሕግ ሊደነቅ የሚገባው ነው። የተረቱ ወይም የሲኒማው ባለቤት፣ ማለት የምስሉ መጀመሪያ ሐሳብ የእርሱ የሆነው፣ ለቀራጩ የአንድ ቀን ፈቃድ ይሰጠዋል። ቀራጩ ሥራውን አስቀድሞ አቅርቦ ያስመረምራል፤ ከሽያጩም ድርሻ ይከፍላል፤ ሊሸጥ የሚችለው ግን በዚያች ቀን በዚያው አዳራሽ ብቻ ነው። ስም የሌለው አንድ ጸሓፊ ወይም ተማሪ ከታላላቅ ኩባንያዎች ጋር ሳይጣላ፣ ሳይሰርቅም፣ የልቡን ቀርጾ እንዲሸጥ መንገድ የከፈተለት ይህ ሥርዐት ነው።

የፎርማው ነገር ደግሞ ለቅኔ ቤት ሰው የሚጥም ነው። አንጥረኛ ጌጥ ሲሠራ አስቀድሞ በሰም ይቀርጻል፤ ሰሙን በጭቃ ይሸፍነዋል፤ ጭቃውን በእሳት ሲያግለው ሰሙ ቀልጦ ይወጣና በባዶው ስፍራ ወርቅ ይፈስበታል። የቅኔ መምህራንም ሰምና ወርቅ የሚሉትን ምሳሌ ከዚህ አነሡት። በዚያ ሰሙ አንድ ጊዜ አገልግሎ ይጠፋል፤ ጭቃውም ይሰበራል። በሬዚን ሥራ ግን ቀራጩ አብነቱን በሣጥን አግብቶ እኩሌታውን በጭቃ ይቀብረዋል፤ በላዩም ሲሊኮን የሚባል ፈሳሽ ጎማ ያፈስበታል። ጎማው በረጋ ጊዜ ሣጥኑን ገልብጦ ጭቃውን ያነሣል፤ ማላቀቂያ ቅባት ቀብቶም ሁለተኛውን እኩሌታ ያፈስሳል። ሁለቱ ጎማዎች ሲለያዩ አብነቱ ሳይጠፋ ይወጣል፤ በመካከላቸውም የእርሱ ባዶ መልክ ይቀራል። ሬዚኑ የሚገባበት ቦይና አየሩ የሚወጣበት ቀጭን መንገድ ይበጅለታል። የአየሩ መንገድ የተረሳ እንደ ሆነ አረፋ በጫፉ ላይ ይታፈንና ጦረኛው ጣት የሌለው ሆኖ ይወለዳል።

ጎማው ለስላሳ ስለ ሆነ የጠጉርን ክርና የልብስን እጥፋት ሳይቀር ይይዛል፤ ቀራጩ በጭቃው ላይ ሳያውቅ የተወው የጣት አሻራ እንኳ አያመልጠውም። ዳሩ ግን ሬዚኑ ሲጠና ይግላልና ጎማውን ቀስ በቀስ ያደርቀዋል። ጥቂት ዐሥር ቅጆችን ካወጣ በኋላ ጠርዙ ይቀደዳል፤ ቀጭኑ ክፍል ተነቅሎ ይወጣል፤ ፎርማውም ይጣላል። ሌላ ፎርማ ለማውጣት ወደ አብነቱ መመለስ ግድ ነው። ስለዚህ የቅጆቹን ቍጥር የሚወስነው የጎማው ዕድሜና የቀራጩ ጉልበት ነው።

ሣጥኑን የገዛው ሰው ወደ ቤቱ ገብቶ መጀመሪያ የሚሠራው ማጠብ ነው። በብልቶቹ ላይ የማላቀቂያው ቅባት ቀርቷልና በሳሙናና ለብ ባለ ውሃ በጥርስ ብሩሽ ካላሸው ቀለሙ ውሎ አድሮ እንደ ቅርፊት ይላጣል። የተጣመመ ጎራዴ ወይም ክንፍ ቢያገኝ በሙቅ ውሃ ነክሮ ሲለሰልስለት ያቀናዋል፤ በቀዝቃዛ ውሃም ያጸናዋል። ሬዚኑ የገባበትን የቦይ ጉማጅ በትንሽ መጋዝ ይቆርጣል፤ ሁለቱ ጎማዎች የተገናኙበትን ስፌት የመሰለ መሥመር በሞረድና በብርጭቆ ወረቀት ያጠፋል። በዚህ ጊዜ የሚነሣው ብናኝ ለሳንባ ክፉ ነው፤ ስለዚህ ዐዋቂው ሰው አፉንና አፍንጫውን በጭንብል ይሸፍናል፤ ወረቀቱንም በውሃ እያራሰ ይሞርዳል። ፈሳሹን የሚደባልቀው ቀራጭማ ከዚህ የባሰ ነገር አለበት፤ ከሁለቱ ፈሳሾች አንዱ ኢሶስያናት ያለበት ስለ ሆነ ተኑ ደጋግሞ ወደ ደረት ሲገባ አስም ሊያመጣ ይችላል። በጠባብ ቤት መስኮት ዘግቶ ማፍሰስ በራስ ላይ ድፍረት ነው፤ በግድግዳው ማዶ በሚተኙት ሚስትና ልጆች ላይ ደግሞ በደል ነው።

ተራው የፕላስቲክ ማጣበቂያ ፕላስቲክን አቅልጦ ያዋሕዳል፤ ሬዚን ግን በእርሱ አይቀልጥም። ስለዚህ ሠሪው ክንዱንና ትከሻውን ሰርስሮ በመካከል የናስ ሽቦ ያገባል፤ በሱፐር ግሉም ያጣብቀዋል። ሽቦው ከውጭ አይታይም፤ ክንዱን ተሸክሞ የሚያቆመው ግን እርሱ ነው። የቀረውን ክፍተት በስቱኮ ይሞላል፤ ሲደርቅ እንደ ገና ይሞርዳል። ሁሉ ያለቀ በመሰለው ቀን ግራጫ የመነሻ ቀለም ይነፋበታል። ይህ ቀለም ጨካኝ መርማሪ ነው፤ ነጩ ሬዚን ደብቆት የነበረውን ጭረት፣ አረፋና ስፌት ሁሉ በአንድ ጊዜ ያወጣዋል። ሦስት ሌሊት የተደከመበት ትከሻ እንደ ገና ወደ ሞረድ ይመለሳል። ብዙዎች ተስፋ ቆርጠው ሣጥኑን በቁም ሣጥን ራስ ላይ የሚሰቅሉት በዚህ ቀን ነው፤ በየቤቱ ተጀምሮ የቀረው ከተጨረሰው እንደሚበዛ ሠሪዎቹ ራሳቸው እየሳቁ ይናገራሉ።

ከዚያ የኅብሩ ነገር ይመጣል። የስንዝር ምስል በክፍል ውስጥ ሲቆም ብርሃን እንደ እውነተኛ ሰው አካል ጥላ አይጥልበትም፤ እጥፋቱ ጥልቅ አይደለምና። ስለዚህ ቀቢው ጥላውን ራሱ ሊጽፈው ግድ ነው። በዐይን ጕድጓድና ከአገጭ ሥር ቀይነት ያለው ቡናማ ይጥላል፤ በግንባርና በአፍንጫ ላይ ደግሞ ደረጃ በደረጃ እያፈካ ይሄዳል። ልብሱን ውሃ በመሰለ ቀጭን ጥቁር ቀለም ያጥበዋል፤ ቀለሙም ወደ እጥፋቱ ሥር ይወርዳል፤ ሲደርቅ ጥቂት ቀለም ብቻ በያዘ ደረቅ ብሩሽ የእጥፋቱን ራስ ራሱን ዳሰስ ያደርገዋል። ያን ጊዜ ድንጋይ የነበረው ጨርቅ ይመስላል። ዐይን ከሁሉ ያስቸግራል። ሁለቱ ብሌኖች ወደ አንድ ስፍራ ያላዩ እንደ ሆነ ጀግናው ሰካራም ሆኖ ይቀራል፤ ይህን ለማቃናት ቀቢው ክርኑን በጠረጴዛ ላይ አስደግፎ ትንፋሹን ይይዛል፤ አንዲት ነጥብ ያሳርፋል፤ አይቶም ያጠፋታል። ከአንድ ፎርማ የወጡ ሁለት ቅጆች በሁለት ቀቢዎች እጅ ሲያልፉ ወንድማማች መሆናቸው ይታወቃል፤ ጠባያቸው ግን ይለያያል።

የነገሩ መራራ ክፍል እንግዲህ ይህ ነው። አንድ ሰው አንድ ሣጥን ይገዛና ያንኑ ቅጅ እንደ አብነት በጎማ ውስጥ ቀብሮ፣ አባዝቶ፣ በርካሽ ይሸጠዋል። ሠሪዎቹ ይህን ሪካስት ይሉታል። ሬዚን ሲጠና በጥቂቱ ይኮማተራልና የቅጁ ቅጅ ከአብነቱ ያንሳል፤ ጠጉሩ ይደፈናል፤ ጣቱ ይወፍራል፤ አረፋውም ይበዛል። ከቅጁ ቅጅ የሚወጣው ደግሞ ከዚያ ይከፋል። መጻሕፍት ሲገለበጡም እንዲሁ ነው፤ አንዱ የሳተውን ፊደል ሁለተኛው አጽድቆ ይጽፈዋል፤ ሦስተኛው በስሕተቱ ላይ የራሱን ይጨምራል። ሊቃውንትም ስለዚህ ጥንታዊውን አብነት ፈልገው ያመሳክራሉ።

«ጸሓፊስ መጽሐፍ ስለ ገለበጠ ሌባ ተባለን?» የሚል ቢኖር ጥያቄው መልስ ይገባዋል። ጸሓፊው ብራናውን ፍቆ፣ ቀለሙን በጥብጦ፣ እያንዳንዱን ፊደል በእጁ እንደ ገና ይወልደዋል፤ ድካሙ ከፊተኛው ጸሓፊ ድካም አያንስም፤ የደራሲውንም ስም አይፍቅም። ሪካስት የሚያደርገው ሰው ግን ወራት የፈጀውን በአንድ ከሰዓት በኋላ ያፈስሰዋል፤ ለቀራጩም ምንም አይከፍልም። በቅኔ ቤት የሌላውን ቅኔ የራሱ አስመስሎ የሚያቀርብ ተማሪ ምን እንደሚባል አንባቢ ያውቃል፤ ቅኔ ለዕለቱ ዐዲስ ሊሆን ይገባል፤ የትናንቱ ለዛሬ አይቀርብም። የጃፓኖቹ የአንድ ቀን ገበያ ሳያውቅ ለዚህ ሥርዐት ቅርብ ነው።

የገዢውም ወገን ሊሰማ ይገባል። ገበያው በጃፓን አንድ ቀን ብቻ ከዋለ በሌላ አገር የሚኖር ወዳጅ ከየት ያምጣው? ሣጥኑ ካለቀ በኋላ ከሁለተኛ እጅ የሚጠየቀው ዋጋ ብዙ ጊዜ ከመጀመሪያው እጅግ ይበልጣል፤ ከዚያም ትርፍ ለቀራጩ አንዲት ሳንቲም አይደርሰውም። «እርሱ ከማይሸጥልኝ ነገር ምን ጎደለበት?» ይላል ገዢው። ይህ ክርክር ብርቱ ነው፤ በስድብ የሚመልሱትም ሰዎች ብርታቱን ያልመዘኑ ናቸው። ዳሩ ግን መሸጡን ያቆመ ሰው ሥራውን ጣለው ማለት አይደለም። ለሚመጣው ዓመት ፈቃዱን ዳግመኛ ይጠይቅ ይሆናል፤ ባይጠይቅም ማቆሙ የእርሱ ድርሻ ነው። ሪካስቱ ገበያውን ከሞላው ደግሞ ለሁለተኛው ምስል ጎማና ሬዚን የሚገዛበትን ገንዘብ ያጣል፤ ያን ጊዜ የሚገለበጥም አይኖርም።

ዛሬ ነገሩ ከዚህም ከብዷል። አብነቱ ራሱ ብዙ ጊዜ በኮምፒውተር ይቀረጽና ብርሃን ሲነካው በሚረጋ በሌላ ዓይነት ሬዚን ንጣፍ በንጣፍ እየታተመ ይወጣል። እንዲህ ያለው አብነት እንደ ጎማ አያረጅም፤ ፋይሉ ለሺሕ ሰው ቢደርስ ሺሕኛው ከመጀመሪያው እኩል ነው። ቀድሞ ሌባውን የሚያጋልጡት የወፈረው ጣትና የተደፈነው ጠጉር ነበሩ፤ በፋይሉ ግን እነዚህ ምስክሮች የሉም።

ገበያው ከ2009 ዓ.ም. ጀምሮ የሚውለው በቺባ ከተማ በማኩሃሪ ሜሴ አዳራሽ ነው። በሩ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከረፋዱ 4 ሰዓት ይከፈታል፤ 11 ሰዓት ሲሆን ይዘጋል። ሣጥን የተረፈው ቀራጭ ከበሩ ውጭ ገንዘቡን በእጁ ይዞ የሚለምነው ሰው ቢያገኝ እንኳ ፈቃዱ አልፏልና ሊሸጥለት አይችልም፤ ሣጥኖቹን አስሮ ወደ ባቡሩ ይሄዳል።